ለላቀው ያጠብንለት ኩሬ

እኔ ወርቄ እባላለሁ፤ ደባርቅ ላይ የሆቴል አንሶላ አጥቤ ነው የምኖረው። ነገር ማለስለስ አላውቅም፣ ቁጣዬም ቅርብ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ጎረቤቴ ስለ ላቀው ገሠሠ ነው። እሱ ራሱ እንዲያወራችሁ ብትጠብቁ ትሸብታላችሁ። ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰው ነው።

ላቀው የአምባራስ መንደር ልጅ ነው። አርባን ትንሽ አልፏል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ መሬት መሬት የሚያይ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በፓርኩ ውስጥ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ሲጭን ኖረ። የትኛዋ በቅሎ አመሏ ምን እንደሆነ፣ የትኛዋ በዝናብ እንደምትለግም፣ ጠዋት ጆሮዋን አይቶ ያውቃል ይሉት ነበር። ሚስት አግብቶ በወሊድ ሞተችበት፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው። ኋላ ጦርነት መጣ፣ ቱሪስቱ ቀረ፣ በቅሎዎቹም አንድ በአንድ ከእጁ ወጡ። ሥራ ፈትቶ ሲንከራተት ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጡ አስተማሪዎች ከከተማው በታች ሁለት ኩሬ ሠሩና ጠባቂ ፈለጉ። ላቀው ተቀጠረ።

ኩሬ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥልቀቱ ጉልበት የማይደርስ፣ ውሃው እየዞረ እንዲሄድ መሐሉ ላይ ግንብ የገባበት የሲሚንቶ ገንዳ ነው። የከተማው ፍሳሽ በቦይ ይወርዳል፤ የሆቴሎቹ፣ የተማሪዎች መኖሪያው፣ የእኔም የሳሙና እጣቢ። ዝቃጩን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ወደ እነዚያ ኩሬዎች ይገባል። እዚያ ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ነው፤ ቀለም የተበጠበጠበት ነው የሚመስለው። አልጌ ይሉታል። በዓይን የማይታይ ደቃቅ ተክል ነው አሉ፤ ሲበዛ ነው ውሃውን እንዲያ የሚያደርገው።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን፣ “ኤዲያ! አንተ ሰውዬ፣ የሚጠበቅ ነገር ጠፍቶ ነው ይኼን ሻጋታ የምትጠብቀው?” አልኩት።

“ሠራተኛው እሱ ነው፤ እኔ መጋቢው ነኝ” አለኝ።

ከዚያ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር አደረገ። “እትዬ ወርቄ፣ በዚህ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ሽንቱም፣ የእርስዎ ሳሙናም፣ ማሳ ላይ ቢወድቅ ማዳበሪያ ነው። አረንጓዴው እሱን ይበላል። በልቶ ሲጠግብ እዚያኛው ጉድጓድ ውስጥ ይዘቅጣል፣ እኔ እዝቀውና አደርቀዋለሁ፣ ገበሬ ለድንች ይወስደዋል። ታች የሚወርደው ውሃ ጠርቶ ይወርዳል። እዚህ ካልተበላ ግን ታች ወንዙ ውስጥ ሌላ ክፉ አረንጓዴ ይበቅልበታል። እዚህ ይብላ ነው የምለው።”

እኔ አንሶላ እየጨመቅሁ በግማሽ ጆሮዬ ነበር የምሰማው። ይኼን እወቁልኝ።

ላቀው ለዚያ ውሃ እንዲያ የሚንገበገበው ያለ ነገር አይደለም። እህቱ በለጠች ታች ቆላው አፋፍ ላይ ነው ያገባችው፤ የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ በደጇ ያልፋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ሁለት በሬ ነው። በሬዎቹን ለጎረቤት ሰጥታ በእኩል ታሳርሳለች፤ እህል ወደ ቤቷ የሚገባው በነሱ ነው። በጋው ሲገፋ ወንዙ ይቆራረጥና ከደጇ ሥር አንድ ያቆረ ውሃ ብቻ ይቀራል። ኩሬዎቹ ሳይሠሩ በፊት አንድ ዓመት ያ ውሃ አረንጓዴ ቅባት ለበሰ፣ ከረፋ፤ የጠጣ ወይፈኗ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ሞተ። ላቀው ኩሬዎቹን ከያዘ በኋላ ግን ሁለት በጋ ሙሉ ያ ውሃ ጠርቶ ከረመ። በለጠች ወደ ከተማ በወጣች ቁጥር ኩሬውን ትሳለመው ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አረንጓዴው እንደ በቅሎ ነው፣ ቆሞ ከዋለ ይታመማል ይል ነበር ላቀው። የሚያዞረው ሞተር ነበረ፤ መብራት ሲጠፋ ከባሕር ዛፍ የጠረበውን ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ራሱ ያማስላል። የደባርቅን የታኅሣሥ ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ጎመን ያደርቃል። እሱ ማታ ማታ ኩሬውን በላስቲክና በገለባ ያለብሳል፣ ጠዋት ይገልጣል። ከአስተማሪዎቹ አንዱ፣ ሚናስ የሚባል ጎበዝ ልጅ፣ የእኛን ብርድ የሚችል ዘር ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል አሉ። በየወሩ እየመጣ ውሃውን ይለካ ነበር። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ተቋረጠ፣ ሚናስም ቀረ። ላቀው ብቻውን እያማሰለ ሌላ አንድ ክረምትና በጋ አሻገረው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከአምባራስ መርዶ መጣ፤ አባቱ አቶ ገሠሠ አረፉ። ላቀው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጄ ላይ ቆመ።

“እትዬ ወርቄ፣ ከበለጠች ጋር መውጣታችን ነው። እስክመለስ በቀን ሦስት ጊዜ ያማስሉልኝ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።”

“ሂድ፣ አባትህን ቅበር! ስለዚህ አታስብ” አልኩት። አይ እኔ! አፌን ቁርጥ ባደረገው ኖሮ።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሥራው ቆሞ አያገኘውም። ሰብሉ ከደረሰ ይታጨድለታል፣ ቤቱ ካፈሰሰ ይከደንለታል፤ እሱ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ጎረቤት ሥራውን ይጨርስለታል። የዕድራችን ሊቀመንበር መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል በማግስቱ ሰበሰቡን። “ላቀው መሬት የለው፣ ከብት የለው፤ ለዚህ ልጅ ምን እንሥራለት?” አሉ። እኔ መቼም አፌ አይቀድመኝም? ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

“ኩሬውን እንጠብለት!” አልኩ።

“ያማስሉልኝ ብቻ ነው ያለው አላልሽም?” አሉኝ መሪጌታ።

“አባ፣ ላቀውን አያውቁትም? ውሃ ጠምቶት እንኳ ስጡኝ የማይል ሰው ነው። ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ፣ ያ ገንዳ ዓመት ሙሉ የከተማ ቆሻሻ ሲጠጣ ከርሟል። ቆሻሻ የጠጣ ነገር ይታጠባል። እኔን ነው ስለ ማጠብ የምትጠይቁኝ?”

ሁሉም ሳቁ፤ እውነቷን ነው አሉ። በዚያ ስብሰባ ላቀው ስለ አረንጓዴው ያስረዳው ሰው አንድ እኔ ነበርሁ። እኔ ደግሞ የሰማሁት በአንሶላ ጠባይ ነው፤ ውሃውን ያጠራል ካለ፣ እንደ ጨርቅ ቆሻሻውን ይመጥጣል፣ ሲጠግብ ደግሞ ይታጠባል ብዬ ነው የገባኝ። ሰላሳ ዓመት ያጠበ ሰው ዓለም ሁሉ ጨርቅ ይመስለዋል መሰል።

ሦስት ቀን ፈጀብን። ሃያ ሰው ወጣ። ፍሳሹን በጎን አዙረን የመውጫውን መዝጊያ ከፈትንና አረንጓዴውን ሁሉ በቦዩ ለቀቅነው፤ ሲወርድ እንኳ “ሂድ ወዲያ!” ብዬ ሸኘሁት። ግድግዳውን በአሸዋና በብሩሽ ፈተግነው። ለሆቴሉ ያስቀመጥሁትን አምስት ጀሪካን በረኪና ከራሴ አውጥቼ አፈሰስሁበት፤ ሲሚንቶው ነጣ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ በመጣ ቀን በአህያ እያመላለስን በንጹሕ ውሃ ሞላነው። መሪጌታ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን አስቀምጠው ባልዲ ተሸከሙ። እኔማ ወገቤ ተቆረጠ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ። በየቀኑም ሦስቴ ያንን የጠራ ውሃ አማሰልሁት፤ አደራ ነዋ!

ጎረቤታችን ሐመልማል ደግሞ ከሴቶቹ ጋር የላቀውን ቤት ያዘች። ለቅሶ ሊደርስ ከአምባራስ ተከትሎት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ወለሉን ለቀለቁ፣ ግድግዳውን አጠቡ፣ ጠላ ጠመቁ። ጠላው መያዣ ሲያጥረው መስኮቱ ላይ ስድስት የሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሮ አገኙ፤ ውስጣቸው አረንጓዴ ውሃ ነበረ። ደፍተው፣ በጠጠርና በሳሙና ሸክሽከው አጠቡና ጠላ ሞሉባቸው። ሐመልማል ሙያዋን እንዳመሰግንላት ጠርታ አሳየችኝ። አመሰገንኋት።

ላቀው በስምንተኛው ቀን ገባ፤ ፂሙ አድጎ፣ ፊቱ በብርድ ከስሎ። እኛ በኩሬው ዙሪያ ተሰልፈን ነበር የጠበቅነው፣ እንደ ሠርግ። “በል እይ!” አልኩት ክንዱን ይዤ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ የገንዳው ወለል ላይ የወደቀ ገለባ ይቆጠራል። ላቀው ቆመ። ብዙ ቆመ። ሁለተኛውን ኩሬ አየ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ፣ እኛም ተከተልነው፤ ገብቶ መስኮቱን አየ። ከዚያ ጠርሙሶቹን አየ፣ ሐመልማል ከአንዱ እየቀዳች ነበር።

ነጠላውን አስተካክሎ ወደ እኛ ዞረ። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደከማችሁ። ለክፉ አይስጣችሁ” አለ፤ አንድ ሰው ሳይዘል የሁላችንንም እጅ ሳመ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። እኛ አባቱ ትዝ ብለውት መሰለን። “አይዞህ፣ እሳቸውስ ዕድሜ ጠግበው ነው” እያልን አብረን አለቀስን።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ለእጣቢዬ ወደ ቦዩ ስወርድ አየሁት። የአንዱን ኩሬ ውሃ አፍስሶ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። በሻይ ማንኪያ የሲሚንቶውን ስንጥቅ ይፍቃል፤ የፋቀውን ብርጭቆ ውስጥ እያራገፈ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል።

“ምን ጠፍቶህ ነው?” አልኩት።

“ዘር” አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ፤ ሳይቆጣ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ። አረንጓዴው ቆሻሻው እንዳልነበረ፣ ቆሻሻውን የሚበላው እሱ እንደነበረ፣ ኩሬው ድንገት ቢበላሽ ተብሎ የተቀመጠው ዘር መስኮቱ ላይ እንደነበረ። ክው አልኩ። ደግሞ እኔ ስደነግጥ የማውቀው መቆጣት ነው፤ ጮኽሁበት።

“ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም? አፍ የለህም?”

“ያማስሉልኝ ብዬ ነበር” አለኝ።

“ያን ቀንስ? ሁላችን ቆመን ሳለ ለምን አልሰደብኸንም? ‘ገደላችሁኝ’ ማለት አቅቶህ ነው ‘እግዚአብሔር ይስጥልኝ’ ያልኸው?”

“ለአባቴ ሐዘን የወጣን ሰው እንዴት አድርጌ እሰድባለሁ፣ እትዬ?” አለና ወደ ስንጥቁ ተመለሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ከዚያ ወዲህ ያላደረግነው የለም። ላቀው ፍሳሹን መልሶ አስገባና ከወንዝ ዳር የለቀመውን አረንጓዴ ዘራበት። በቀለ፤ ግን እንደ ፀጉር የተጎነጎነ፣ የማይዘቅጥ ነገር ሆነ። ሁለት ጊዜ ውርጭ ሲመታው ጠቆረና ሸተተ። እንደገና ዘራ፣ ይኼኛው ደግሞ በሳምንቱ በደቃቅ ትል ተበላ። እኔ በበኩሌ ስልክ የሚሠራበት ጉብታ አለ ሲሉኝ በጉልበቴ ሕመም እየዳኽሁ ወጥቼ፣ ከሚናስ ጋር አገናኙኝ ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ለመንሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድምፁን ሰማሁት። ልጁ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

“እትዬ፣ እኛ ጋ መብራት ለአንድ ወር ጠፍቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ሁሉ ሞቷል” አለኝ። “ዘሩ ላቀው ጋ ነው ብለን ነበር እኮ የተረጋጋነው።”

ይኼን ለላቀው መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ። ሲሰማ መቅዘፊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎት ገባ።

የካቲት ሲያልቅ ወንዙ ተቆራረጠ። በለጠች ደጅ ሥር ያለው ውሃ መጀመሪያ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ መሐሉን ያዘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከላይ ቅባት የፈሰሰበት መሰለ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ አመጣ። ላቀው የግራር እሾህ ቆርጦ ዙሪያውን አጠረው። ከዚያ እኔና እሱ በአህያ ውሃ ማመላለስ ጀመርን። ከከተማ እስከ በለጠች ቤት ቁልቁለቱ ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት በሬ በፀሐይ ቀን የሚጠጣውን ደግሞ ያጠጣ ያውቀዋል። ቧንቧው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። ምንጩ ጋ ስንሄድ ሴቶቹ ጀሪካኔን ከሰልፉ አወጡት። “ሰው ተጠምቶ አንቺ በሬ ልታጠጪ?” አሉኝ። ልሳደብ አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። በቦታቸው ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። የሆቴሉን ውሃ ለበሬ ልውሰድ ብል ደግሞ ያቺኑ እንጀራዬን ነው የማጣት። አንሶላ ማጠቡንም አልተውሁም፤ ትቼ ምን ልበላ? በየቀኑ እጣቢዬን ቦዩ ውስጥ ስደፋ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ እደፋለሁ።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ከታች ሰው መጣ፤ ትልቁ በሬ ሌሊት እሾሁን ጥሶ ጠጥቷል አለ። ላቀው የሰማውን አልጨረሰም፣ ሮጠ። እኔ ከኋላው እየወደቅሁ እየተነሣሁ ደረስሁ። በሬው ውሃው ዳር በጎኑ ተኝቷል፣ እግሮቹ ይርገበገባሉ፣ ከአፉ አረፋ ይወጣል። በለጠች ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ላቀው ወተት አምጡ አለ፣ መጣ፤ ጎኑን አሸው፣ በጆሮው ጠራው። ይኼ ሁሉ ለምንም አልሆነም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ በሬው ተዘረጋ።

በለጠች አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና ልትነሣልኝ ሞከረች፤ በዚያ ሰዓት እንኳ!

“እትዬ ወርቄ፣ በዚህ ፀሐይ እርስዎም መጡ?” አለችኝ። “በአባታችን ሐዘን ለወንድሜ የደከማችሁትን እንኳ በቅጡ ሳላመሰግንዎት። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ተሸክመው እንደነበረ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ብድሩን ይክፈልዎት።”

ላቀውን አየሁት። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ለካ ለገዛ እህቱ እንኳ አንዲት ቃል አልነገራትም!

አልቻልሁም። አፈሩ ላይ ተንበረከክሁና ሁሉንም አወራሁላት፤ ስብሰባውን፣ በረኪናውን፣ ጠርሙሶቹን፣ “እኔን ነው ስለ ማጠብ የምትጠይቁኝ?” ያልሁትን ሳይቀር። “እኔ ነኝ በሬሽን የገደልሁት፤ ላቀው አይደለም፣ ሌላም ሰው አይደለም። ምቺኝ፣ እርገሚኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊኝ” አልኳት። በእውነት እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። ብትመታኝ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር።

በለጠች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ተነሣች፤ ቀሚሷ ላይ የደረቀውን አረፋ አራገፈች። ከቁልቋሉ ሥር የታሰረውን ሁለተኛውን በሬ አየች፣ ውሃውን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ቁጣ የለባትም። እውነት እኔ ዘንድ መልስ ያለ መስሏት ነው የጠየቀችኝ።

“እሺ፣ ይኼን የቀረውንስ የት ላጠጣው?”

ላቀው የተጣሰውን እሾህ መልሶ ይደረድር ጀመር። የቀረው በሬ ገመዱን እየሳበ ወደ ውሃው ነበር የሚያየው።